ተረካቢ ያጣው ጽዋ

ይህን የምጽፈው ሐረርን በስሟ እንጂ በዓይናቸው ለማያውቋት የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼ ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ስንትና ስንት ዓመት ሐረርን በጠመኔ አንዲት ነጥብ አድርጌ ሰሌዳ ላይ አስቀምጬ ወደ ቀጣዩ ከተማ አልፌያለሁ። አሁንም ቢሆን ልጎበኛት ብዬ አልሄድኩም። የሄድኩት አክስቴን ይዤ ልመለስ ነው።

አክስቴ ወይዘሮ አስካለ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር አግብተው ሐረር ወረዱ። ባላቸው ሞቱ፣ ልጅ አልወለዱም፣ ግን እዚያው ቀሩ። በቅርቡ ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ የሚል ስልክ ሲመጣ አባቴ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ፣ «በቃ፣ ይዘሃት ትመጣለህ» አለኝ።

«እምቢ ካሉስ?» አልኩት።

«እምቢ ማለት እንኳ ትላለች። አንተ ግን ያለ እሷ እንዳትመለስ።»

የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ደርሶ ነበር። እኔም ቆርጬ ተነሣሁ። ባለቤቴ ወይንሸት ሻንጣዬን ስታሰናዳ ለአክስቴ የሚሆን ወፍራም ሹራብ ጨምራ፣ «ለመልስ መንገድ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሲገቡ እንዳይበርዳቸው» አለች። መምጣታቸውን ሁላችንም እንዳለቀ ነገር ቆጥረነው ነበር።

ረቡዕ

ማክሰኞ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሬ ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። የለበስኩት እንደ አገሬ ነው፤ ሹራብ፣ በላዩ ኮት፣ በኮቱ ላይ ጋቢ። አዳማ ላይ ጋቢውን አጠፍኩት፣ መተሐራ ላይ ኮቱን አወለቅኩ፣ አዋሽን ስንሻገር ሹራቡም ወለቀ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ልብሱ ጭኔ ላይ ሲቆለል አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። ከደብረ ብርሃን ስለው ነገሩ ገባውና ፈገግ ብሎ መስኮቱን ከፈተልኝ።

ሚኤሶ ሳንደርስ ከሞተሩ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። የራዲያተሩ ጎማ ተቀዷል። ሁላችንም ወርደን በአንዲት ግራር ጥላ ሥር እንደ በግ ተጠጋጋን። በእኛ አገር መኪና ሲበላሽ ሰው የሚሸሸው ከነፋስ ነው፤ እዚያ ግን ከፀሐይ ነበር። ረዳቱ ማሰሪያ አጥቶ ሲንቆራጠጥ አንዲት አሮጊት «እንካ ልጄ» ብለው የሻሻቸውን ጫፍ ቀድደው ሰጡት። ትንሽ ቆይቶ ሾፌሩ መጣ።

«እንግዲህ ወገን፣ ራዲያተሩ ውኃ ይፈልጋል። ያላችሁን አምጡ» አለ።

የቀትር ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ሰው የያዛት ውኃ ለጉሮሮው ነበረች፤ የሚንቀሳቀስ ጠፋ። በመጨረሻ ሻሻቸውን የቀደዱት እኚያው አሮጊት ተነሡና ጠርሙሳቸውን ለሾፌሩ ሰጡት። ከእሳቸው በኋላ ማን ይቀራል? የኔም ሄደች፣ የሁሉም ሄደች። አውቶቡሳችን የሰው ሁሉ ውኃ ጠጥታ ተነሣች።

እየተንፏቀቅን አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሐረር ማደር ቀረ። ሆቴሎቹ ሞልተዋል። በመጨረሻ የገባሁበት ቤት ባለቤት፣ ቀጭን ሴትዮ፣ «ክፍል የለኝም፤ ግን ሜዳ ላይ አላሳድርህም» ብላ ከዕቃ ቤቷ የሽንኩርት ጆንያዎቹን ወደ አንድ ጥግ ገፍታ ፍራሽ ዘረጋችልኝ። ጾመኛ መሆኔን ስነግራት የማታውን ወጥ ሠርታ ብትጨርስም ተመልሳ እሳት አያይዛ ሽሮ ሠራችልኝ። ያለበሰችኝ ብርድ ልብስ ደግሞ የደብረ ብርሃን ሥራ ነበር። ከዚያ እንደመጣሁ ነገርኳት። «ታዲያ ቤትህ ነው ያለኸው» አለችና በሩን ዘጋችልኝ።

ሐሙስ

ጠዋት አየሩ ቀዝቅዞ ጋቢዬን መልሼ ለበስኩ። ከአሰበ ተፈሪ በኋላ መንገዱ እንደ ጣርማ በር ይጠማዘዛል፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ገብስና ድንጋይ በሚታይበት ቦታ እዚህ ማሽላና ጫት እንደ ደረጃ ተደርድሮ እስከ ተራራው አናት ይወጣል። ሾፌራችን ሲነሣ «ቢስሚላህ» ብሎ የሚነሣ ሰው ነው። ቁልቢ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ብቅ ሲል ግን ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ያስጮኸው የነበረውን ዘፈንም አጠፋ። ተሳፋሪው ተማትቦ እስኪጨርስ ዝም አለና ቀስ ብሎ መልሶ ከፈተው። ማንም አላመሰገነውም፤ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ይመስላል።

ሐረር የደረስነው ከቀትር በፊት ነው። ባጃጅ ይዤ ከከተማዋ ግንብ በሮች አንዱ ወደሆነው ኤረር በር ወረድኩ። አክስቴ የሚኖሩት ከበሩ ገባ ብሎ፣ ጁገል በሚሉት በግንቡ ውስጥ ነው። መንገዱን ግን እንዴት ልንገራችሁ? የደብረ ብርሃን መንገድ ነፋስ የሚጋልብበት ሜዳ ነው። የጁገል መንገድ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ወደ ግድግዳ ማዞር ያለበት ነው፤ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ የመሬቱ ድንጋይ በእግር ብዛት የለሰለሰ። በአንዱ ገብቼ በሌላው ስወጣ መልሼ ራሴን እዚያው ቦታ አገኘሁት። ሰሜን የት እንደሆነ የጠፋብኝ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ቆምኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ሳልፍ ያየችኝ አንዲት ሐረሪ ሴት ከደጃፏ ተነሥታ፣ «እንግዳ፣ ተቀመጥ፤ ውኃ ጠጣ» አለችኝ። ከጠጣሁ በኋላ የማንን ቤት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ።

«የወይዘሮ አስካለን።»

«የአስካለ ዘመድ ነህ? ወላሂ፣ ቀድመህ አትናገርም!» ብላ ጫማዋን አጥልቃ ራሷ አደረሰችኝ።

አክስቴ እጃቸው በጀሶ ታስሮ፣ በግራ እጃቸው ስንዴ ይለቅማሉ። አንገቴን አንቀው አለቀሱ፤ ከዚያ እንባቸውን በጀሶው ጠርገው፣ «ብላ መጀመሪያ» አሉ። በላሁ። ጨርሼ ቆርጬ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ሰኞ አብረን እንሄዳለን።»

«የት?»

«ወደ ቤት ነዋ።»

«ቤት ውስጥ ነው ያለሁት» አሉና ወደ ጥግ ተመለከቱ። ጥጉ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ማሰሮ በበርጩማ ላይ ተቀምጧል። «ይኸውልህ፣ ጽዋው እኔ ዘንድ ነው። ሰው ቤቱ ያደረ እንግዳ ጥሎ ይወጣል?»

የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ነው። እንደ እኛ አገር ነው፤ ማኅበርተኛው በየወሩ በአንዱ ቤት ይሰበሰባል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ሲያበቃ ማሰሮው ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ይሰጣል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሰው ተራ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን ተራው ሰው ይጠብቃል። ከማኅበርተኛው ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ ልጆቹን ተከትሎ ሄዷል። የቀሩት ደክመዋል።

«እሑድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው» አሉ አክስቴ። «ጠላው ከመውደቄ በፊት ተጠምቋል። ተረካቢ ካልተገኘ ጽዋው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፤ ማኅበሩም ይፈርሳል። እኔ ቆሜ እያየሁ አይፈርስም።»

«ተረካቢ ከተገኘስ?»

«ከተገኘ ሰኞ እሳፈራለሁ። በሚካኤል ስም ቃሌ ነው።»

ደስ አለኝ። አንድ ሰው ማግኘት ምን ይከብዳል? ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ

በጠዋት ወጥቼ የማኅበርተኛውን ቤት አንኳኳሁ። የመጀመሪያው የጋሽ ተሰማ ቤት ነው። ከሸዋ በር ውጭ የሚኖሩ፣ በፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የማኅበሩም ሙሴ እሳቸው ናቸው፣ ማለትም ሰብሳቢው። ዳቦና ሻይ አቅርበው ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ባለቤቴ አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። እሷን የማገላብጠው እኔ ነኝ። ማን ጋግሮ፣ ማን ጠምቆ?» አሉ።

ሁለተኛዋ ሴትዮ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ፊቴን በእጃቸው ዳስሰው «የአስካለ አፍንጫ ነው ያለህ» ብለው ምሳ አበሉኝ። ሦስተኛው ድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ዕቃ እያሠሩ ነበር፤ እሳቸውም ካልበላህ አትወጣም አሉ። የጾም ሽሮ በየቤቱ እየበላሁ እምቢታ በየቤቱ ተቀበልኩ። ያናደደኝ ምክንያታቸው እውነት መሆኑ ነው። ሰበብ ቢሆን ኖሮ እከራከር ነበር።

ወደ ማታ ተመልሼ ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሄድኩ። ተስፋ ስለቆረጥኩ አንደበቴም ተበላሸ።

«ጋሼ፣ ዳቦና ጠላ ብቻ እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ብቻ?» አሉ ቀስ ብለው። «ከቁርባኑ ጋር ላወዳድር አይደለም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ግን ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሊሰናበት ሲል ገበታው ላይ ምን ነበር? ወርቅ ነበር? ሰው ሁሉ ቤት የሚገኘውን ነው ያነሣው። እኛም ከዚያ ተምረን ነው ቤታችን ያለውን የምናነሣው። ሸክላ ጽዋ ማንሣት ያቃተን ዕለት፣ ሌላውን እናነሣለን ብለህ ታምናለህ?»

ልሄድ ተነሣሁ። «እግዜር ያውቃል፣ እኔም አልተኛሁበትም» ብለው እስከ በር ሸኙኝ።

በዚያው ቀን በመካከል ከሰብለ ጋር ጊደር መጋላ ወደሚባለው ገበያ ወርደን ነበር። ሰብለ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ባሏ ወታደር ነው፤ ይዟት ሐረር መጣና እሱ ወደ ሌላ ግዳጅ ተላከ። ከኤረር በር ውጭ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሕፃን ልጇን አዝላ ለሰው ልብስ ታጥባለች። አክስቴ ከወደቁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታግዛቸዋለች። ገበያው ውስጥ በአማርኛ ትጀምርና ዋጋ ሲወደድ ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች፤ እኔ ጆንያ ተሸክሜ ከኋላ ነኝ። ዱቄትና ጥቁር አዝሙድ ገዛን። ለዳቦው መጠቅለያ ኮባ ስፈልግ ከኤረር ሸለቆ የመጣችው ሻጭ ሳቀችብኝና የሙዝ ቅጠል ዘረጋችልኝ። እኛ ዘንድ ሙዝ ራሱ በመኪና ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ

ሰብለ ቅዳሜ የልብስ ሥራ ነበራት። አክስቴ አንድ እጅ ብቻ አላቸው። ስለዚህ ማን እንደሚያቦካ ግልጽ ሆነ።

ቧንቧው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ውኃው በጀሪካን ነው። አክስቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ያዝዛሉ። ወይንሸትን በስልክ ስጠራት አክስቴ ስልኩን ጮክ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ሁለት ሴቶች ከሁለት አገር ሆነው በአንድ ሰው ላይ ይጮሁ ጀመር።

«ውኃውን አንዴ አትድፋው!» ትላለች ወይንሸት።

«በጣትህ አይደለም፣ በትከሻህ!» ይላሉ አክስቴ።

«እስከ መቼ ነው የማሸው?»

«ከእጅህ እስኪለቅ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።

በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ፤ ቅዳሴውን እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሊጥ ግን ነክቼ አላውቅም። ክንዴ ዛለ፤ ሊጡ እስከ ክርኔ ወጣ፤ ላቤ እንዳይንጠባጠብበት አንገቴን እንደ ግመል ወደ ላይ ዘረጋሁ። በመካከል ደክሞኝ ቆምኩና አንድ ነገር ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ዳቦ ቤት ተገዝቶ ቢመጣ ሚካኤል ይቀየማል?»

«ሚካኤል አይቀየምም» አሉ። «አሞኝ ቢሆን፣ ሰው አጥቼ ቢሆን፣ ይገዛል። አንተ ግን ሁለት እጅ ይዘህ መጥተሃል።» በግራ እጃቸው ወደ ሊጡ ጠቆሙ። «እመቤታችን ያላቦካች መሰለህ? ጌታ ናዝሬት ያን ሁሉ ዘመን ሲያድግ ምን ሲደረግ የነበረ ይመስልሃል? ቤት ነበራ! ውኃ መቅዳት ነበር፣ ሊጥ ነበር፣ የሚታጠብ ልብስ ነበር። ተአምራቱ ኋላ ነው የመጣው። እኔ ባሌን ቀብሬ ስመለስ የሰው ማጽናኛ አንድም ቃል ጆሮዬ አልገባም። በማግስቱ ማኅበሩ ነበርና ስንዴ መልቀም ነበረብኝ። ለቀምኩ። ያን ቀን ያቆመኝ እሱ ነው።»

ዳግመኛ አልጠየቅኩም። እስኪለቅ አሸሁት፤ ለቀቀ። ሸፍነን ለነገ እንዲነሣ አኖርነው።

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። አክስቴ የሚጋግሩት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ይመጣል እያልን ጠበቅን፤ ሲመሽም አልመጣም። ጎረቤቱ ሁሉ ማገዶ አልነበረውም።

«ካልመጣ አው ሙሜ ዘንድ ይዘኸው ትሄዳለህ» አሉ አክስቴ። «አው» ሐረሪዎች ለታላቅ ሰው የሚሰጡት የአክብሮት መጠሪያ ነው። አው ሙሜ ኤረር በር አጠገብ በእንጨት የሚሠራ ዳቦ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«የማኅበር ዳቦ በእስላም ምድጃ? ማኅበርተኛው ምን ይላል?»

«የሚባርከው ቄሱ ነው፤ ምድጃው አይደለም። ሥጋ አይደል፣ ዳቦ ነው። የሚናገር ካለ ለእኔ ይናገር።»

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ሊጡን በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ፣ በትሪ ተሸክሜ አው ሙሜ ዘንድ ደረስኩ። ዳቦ ሊያወጡ ምድጃው ፊት ቆመዋል፤ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ሸሚዛቸው በዱቄት የነጣ ናቸው። የማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ትሪውን ተቀብለው ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ሽቅብ አዩኝ።

«ማነው ያቦካው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሳያልፍብህ ነው ያመጣኸው፤ ደህና ተነሥቷል። ግን ምድጃዬ ለዚህ ከልክ በላይ ሞቋል። ፍሙ ይውረድ፣ አለዚያ ከላይ አርሮ ከውስጥ ጥሬ ይሆንብሃል። ትታገሣለህ?»

«እታገሣለሁ።»

ደንበኛ መጣ፣ ሄደ። የራሳቸውን ዳቦ የሚጋግሩበትን ሰዓት ለእኔ ምድጃ ማብረጃ እንዳደረጉት የገባኝ ቆይቶ ነው። ሊያስገቡት ሲሉ ዳቦ የሚያስገቡበትን ረጅም መቅዘፊያ ይዘው ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«እኔ ቢስሚላህ ብዬ ነው የማስገባው። ይከፋችኋል?»

«እኔም በስመ አብ ብዬ ነው ያቦካሁት» አልኳቸው።

ሳቁና አስገቡት። ሲወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ዳቦው ግን እንደ ጀምበር ደምቆ ነበር። የሠራሁትን ነገር እንደዚያ ተደስቼበት አላውቅም። ክፍያ ብል፣ «ለአስካለ እጅ ዱዓ አድርጉላት» ብለው መለሱኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው መጣ። ጋሽ ተሰማ፣ ዓይነ ስውሯ ሴትዮ፣ ድሬዳዋ የሚሄዱት፣ ሌሎችም በዱላ የሚሄዱ ጥቂት ሰዎች። ሰብለ ልጇን አዝላ ብርጭቆ ታጥባለች። ቄሱ ጸለዩ፤ ዳቦው ሲቆረስ አክስቴ ምድጃው የማን እንደነበር ራሳቸው ተናገሩ። ቄሱ ቁራሹን እንደያዙ፣ «እግዚአብሔር ይስጠው» አሉና ጎረሱ። በዚያው አለቀ። ንፍሮው ዞረ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ጨዋታው ደራ። ሰው ግን የሚጫወተው ከሚመጣው ነገር ለመሸሽ ይመስል ነበር።

መጣ። ጋሽ ተሰማ ተነሡ፤ ማሰሮው ተሞልቶ፣ አንድ ሙሉ ዳቦ ታክሎበት በነጠላው ተሸፍኖ መሐል ቆመ።

«የሚቀጥለው ወር ተረካቢ ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ጉልበቱን ያያል። አንዱ ሳለ። ዓይነ ስውሯ ሴትዮ ማሰሮው ወዳለበት ፊታቸውን አዙረው ያለቅሳሉ። አክስቴ ግን አላለቀሱም፤ በጀሶ የታሰረ እጃቸውን ታቅፈው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጋሽ ተሰማ ሁለተኛ ጠየቁ። እኔ ልነሣ አሰብኩ፤ ደብረ ብርሃን ሆኜ ሐረር ልደግስ? ሦስተኛ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ከበሩ ድምፅ መጣ።

«እኔ ብረከበውስ?»

ሰብለ ናት። እጇ ውኃ ያንጠባጥባል።

«ማኅበርተኛ አይደለሁም፤ አውቃለሁ» አለች ፈጠን ብላ። «ቤቴም አንዲት ክፍል ናት። ወንበር የለኝም። ጠላም እናቴ ስትጠምቅ አይቻለሁ እንጂ ጠምቄ አላውቅም። ግን በዚህ አገር ስሜን ጠርቶ ግቢ ያለኝ ቤት ይህ ብቻ ነው። ሲዘጋ ከማይ እንቢ ብትሉኝ ይሻለኛል።»

ጋሽ ተሰማ ቄሱን አዩ፤ ቄሱ አክስቴን አዩ።

«እኔ ስረከብ ወንበር የነበረኝ መሰለሽ?» አሉ አክስቴ። «ድንጋይ ላይ ነው ያስቀመጥኳቸው። ነይ፣ እጅሽን አድርቂ።»

ዕልልታው ቤቱን ሞላው። ማሰሮውን ማን ይሸከም ሲባል ጎበዝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ትከሻዬ ላይ አወጡልኝ፤ ሽማግሌዎቹ እየዘመሩ ከኋላዬ ተከተሉ። ያ የለሰለሰ ድንጋይ፣ ያ ቁልቁለት! ትናንት ሊጥ ያዛለው ክንዴ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቦታ እግሬ ሸርተት አለ፤ ጠላው ፈሶ አንገቴን አራሰኝ፣ ማሰሮው ግን አልወደቀም። በሩ አጠገብ የአህያ ጭነት መንገዱን ሞልቶት ነበር። አው ሙሜ ከዳቦ ቤታቸው ወጥተው መቅዘፊያቸውን በአህዮቹ ፊት ጋርደው፣ «አሳልፉ! አሳልፉ!» አሉ። አለፍን።

የሰብለ ክፍል አልጋ፣ ሳፋና ጀሪካን ብቻ ነበራት። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ፣ ያላትን ንጹሕ ጨርቅ አልብሳ ጽዋውን አስቀመጠችበት። ሽማግሌዎቹ አልጋው ላይና ደፉ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ቄሱ ቤቷን ባረኩ። እሷ የምታደርገው ጠፍቷት የልጇን እግር ትስም ነበር።

ሰኞ

በጠዋት ስነሣ አክስቴ ለብሰዋል። የወይንሸትን ሹራብ በጀሶው ላይ እንደምንም አጥልቀው፣ ትንሽ ሻንጣ ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ። «እንሂድ።»

ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ሻንጣውን አነሣሁ። እሳቸው ተነሥተው መቃኑን ሳሙ። እዚያው ሳለን ሰብለ እየሮጠች ደረሰች።

«እትዬ፣ ከመሄድዎ በፊት፣ ጌሾው መጀመሪያ ብቻውን ነው የሚገባው ወይስ ከብቅሉ ጋር?»

«ብቻውን። ጥንስሱ ሦስት ቀን ያርፍና...» አሉና ቆሙ። እንዴት እንደሚነግሯት ጠፍቷቸው አይደለም። በደጃፍ ቆሞ የሚያልቅ ነገር አለመሆኑን ያወቁ ይመስላሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። ቃል ነውና ምንም አልለመኑኝም። ያ ዝምታ ነው ያሸነፈኝ።

ሻንጣውን መልሼ አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ይቀመጡና ይንገሯት» አልኩ።

«ቃሌስ?»

«ቃልዎን ጠብቀዋል። እኔ ነኝ የማልወስድዎ።»

ለአባቴ ደወልኩ። ሳላንገራግር ነገርኩት። «ለዚህ ነው የላክሁህ?» ብሎ ጮኸ። እኔም አልተንበረከክሁም፤ ሰብለ ጀሶው እስኪፈታ ሐኪም ቤት እንደምታመላልሳቸው፣ በክረምቱ ዕረፍት እኔ ራሴ እንደምመለስ፣ ከዚያ በፊት ግን ማንም እንዳይመጣ ነገርኩት። በመጨረሻ «ስልኩን ስጣት» አለኝ። ለአክስቴ ሰጠሁና ወደ ውጭ ወጣሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የሁለቱንም ጩኸት ነበር። ቆየት ብሎ ግን አክስቴ በሕፃንነታቸው ስለ ሞተች አንዲት ላም ሲስቁ ሰማሁ።

ብቻዬን ተሳፈርኩ። መኪናው አልተበላሸም፤ የሚነገርም ነገር የለውም።

ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ሐረር ምን እንዳየሁ ይጠይቀኛል። ግንቡን ዞሬ አላየሁም፤ ሐኪም ጋራ የሚሉትን ተራራም ከሩቅ ነው ያየሁት። ዳቦ ግን አቡክቻለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ ወይንሸት ወንበር ላይ ተቀምጣ እኔ አቦካለሁ፤ ልጆቼ በመስኮት እያዩ ይስቃሉ።

የሚቀጥለው ማኅበር በዋለበት ቀን አባቴ ቤት ተሰብስበን ሐረር ደወልን። አክስቴ ከሰብለ ክፍል ነበሩ፤ ከኋላ የሰው ጫጫታ፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

«ዳቦው እንዴት ሆነ?» አለ አባቴ።

«ከሥሩ አረረ» አሉ አክስቴ።

አባቴ አዘነ። «ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን? ቄሱ ባረኩት፤ በላነው።»